ስለ እግር ደም ስር ጮክ ብለን የማንናገረው

ጠጋ በሉኝ፤ የምነግራችሁ በአደባባይ የሚወራ አይደለም። በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ቁስል የምናጥብ ነርሶች፣ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጀርባ የሚቆሙ ባልደረቦቻችን፣ በገበያ ቀን ቅጠልና ሥራሥር ዘርግተው የሚሸጡ እናቶችም ጭምር እርስ በርሳችን የምንባባለው አንድ ነገር አለ። የእግሩ ደም ስር ተነፍቶ፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ የሚቸገር ሰው ቅጠል ታስሮለት ቀለል ሲለው፣ ብዙውን ጊዜ ያቀለለለት ቅጠሉ የተጠቀለለበት ጨርቅ ነው። ቅጠሉ አጃቢ ነው።

ይህን ጮክ ብለን የማንናገረው ሁላችንም የምናጣው ነገር ስላለን ነው። ቅጠል ሻጯ ገበያዋ ይቀንሳል። መድኃኒት ቤቱ ከውጭ የመጣውን ውድ እንክብል አይሸጥም። እኛም ብንሆን አንድ ጥቅል ፋሻ አስረን «ይሂዱና እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ» ስንል ሕክምና የሰጠን አንመስልም። መርፌ ያልወጋ ባለሙያ በአገራችን ሰው አከመ አይባልም። እናም ዝም እንላለን፤ በዝምታችን መሐል ሰዉ ገንዘቡንም፣ አንዳንዴም እግሩን ይከፍላል።

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ቆሞ የሚውል ነው። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ስትጋግር የምታረፍድ፣ በመናኸሪያው ዙሪያ ሻይ የምታፈላ፣ ዕድሜውን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የፈጀ መምህር፣ ስድስት ሰባት የወለዱ እናቶች፣ በሳዑዲ ሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ወጣት ሴቶች። በአዲስ አበባና በመቀሌ መስመር መሪ ጨብጦ የሚመላለሰው ሾፌርም አለ፤ እሱን የሚጎዳው ደግሞ ረጅሙ መቀመጥ ነው። ከሮቢትና ከጎብዬ፣ ከዋጃ፣ ከዞብል ተራራ ሥር ካሉ ቀበሌዎች ይመጣሉ። ሙቀቱም ያግዛል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከላስታ ደጋ የወረደ ሰው ወዲያው ጋቢውን ያወልቃል። ሙቀት ከቆዳ ሥር ያሉትን ደም ስሮች ያሰፋል፤ የሰፋ ደም ስር ደሙን ወደ ላይ ለመመለስ ይቸገራል። ስለዚህ በኅዳር ብርድ ዝም ያለ እግር ግንቦት ላይ ይነሣል።

«ምን አድርገውበት ነበር እማማ?» ብለን እንጠይቃለን። «ምንም ልጄ፣ ምንም» ይላሉ። ጨርቁ ግን አረንጓዴ ሆኗል፤ የፌጦው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። የሚደብቁት አንድ ቀን አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በሰው ፊት ስለተቆጣቸው ነው። «አብሽሩ እማማ፣ አልቆጣም፤ ምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» ስንላቸው ነው ታሪኩ የሚወጣው። ከዚያ ታሪክ የምንማረው ከካርዱ ላይ ከምናነበው ይበልጣል። ቅጠሉን ካላወቅን ቁስሉ ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት አንችልም።

በሽታው ራሱ እንዲህ ነው። ልብ ደሙን ወደ እግር ይገፋዋል፤ ከእግር ወደ ልብ የሚመልሰው ግን በዋናነት የባት ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ባታችን ደም ስሩን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይልከዋል፤ በደም ስሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ መዝጊያዎች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ይህን በቆቦ ሸለቆ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት ለሚያለማ ገበሬ ማስረዳት አይከብድም፤ ከቱቦው ጫፍ ያለችው ቫልቭ ስታፈስ ውኃው ወደ ጉድጓዱ እንደሚመለስና ሞተሩ በባዶ እንደሚጮህ እሱ ከእኛ የተሻለ ያውቃል። የእግር መዝጊያዎችም በውርስ፣ በእርግዝና፣ በውፍረት፣ በዕድሜ፣ ለረጅም ሰዓት በመቆም ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል። ደም ስሩ ተጠማዝዞ ይወጣል፣ ማታ እግሩ ያብጣል፣ ያሳክካል። ዓመታት ሲያልፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፤ በመጨረሻ በትንሽ ጭረት የተነሣ ለወራት የማይድን ቁስል ይከፈታል። አንዴ የላሉትን መዝጊያዎች የሚመልስ ቅጠል የለም። የሚመልስ እንክብልም የለም።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ።

የጉሎ ቅጠል በእሳት ለብ አድርገው እግሩን አልብሰው፣ በመቀነት ወይም በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ከጣት ሥር ጀምረው እስከ ጉልበት የሚጠቀልሉ ባልቴቶች አሉ። እጃቸውን ልብ ብዬ ተመልክቻለሁ፤ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረጉ ነው የሚጠቀልሉት። ከዚያም «ጋደም በይ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀዪው» ይላሉ። ይህ ለደም ስር ቁስል በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተረጋገጠው ሕክምና ነው፤ ከውጭ የሚጫን ጥቅል የሰፋውን ደም ስር ያጠብበዋል፣ የላሉት መዝጊያዎች ከንፈር ይገናኛል፣ ባት ሲጨመቅ የሚገፋበት ግድግዳ ያገኛል። በሙያችን ቁስል ላለበት እግር ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ጫና ያለው፣ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ጥቅል እንፈልጋለን። ባልቴቷ መለኪያ የላቸውም፤ እጃቸው ግን መንገዱን ያውቀዋል። በቅጠሉ ፋንታ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ቢያደርጉ ውጤቱ ያው በሆነ ነበር። የጉሎ ቅጠል ባልቆሰለ ቆዳ ላይ እምብዛም አይጎዳም። ፍሬው ግን መርዝ ነው፤ ተወቅጦ የሚጠጣ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ፌጦ ሌላ ነገር ነው። ተወቅጦ በሎሚ ተለውሶ ሲለጠፍ የሚሰማው ማቃጠል «እየሠራ ነው» ይባልለታል። የሚያቃጥለው ፌጦ ሲወቀጥ የሚለቀው፣ ከሰናፍጭ ማቃጠያ ጋር አንድ ወገን የሆነ ኬሚካል ነው። ጤነኛ ቆዳ ለጥቂት ደቂቃ ይችለዋል። ደም የታቆረበት፣ የሳሳና የሚያሳክክ የቁርጭምጭሚት ቆዳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታስሮበት ሲያድር ውኃ ቋጥሮ ያድራል፤ ጠዋት ሲፈታ ቆዳው አብሮ ይነሣል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ያደርጋል። በክፍላችን ከምናጥባቸው የእግር ቁስሎች አንዳንዶቹ የተከፈቱት በደም ስር ሕመም ሳይሆን ለደም ስር ሕመም በተደረገ ልጥፍ ነው። ይህን ለታማሚው መናገር ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጥፉን ያደረገችለት እናቱ ወይም ሚስቱ ናት፣ አጠገቡም ቆማ ትሰማለች።

ከሁሉም በላይ ላወራላችሁ የምፈልገው ስለ ጤና አዳም ነው፤ ምክንያቱም በእሱ ውስጥ እውነትም አደጋም አብረው አሉ። ሩቲን የሚባለው ንጥረ ነገር መጀመሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተገኘው ከጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ከሆነ የአውሮፓ ተክል ነው። የእኛም ጤና አዳም ሩቲን አለው። ከሩቲን ተሻሽለው የተሠሩ መድኃኒቶች በአውሮፓ ለእግር ደም ስር ሕመም ለአሥርት ዓመታት ሲታዘዙ ኖረዋል። ስለዚህ «ጤና አዳም ለደም ስር ይሆናል» የሚል አዋቂ ሲገጥመኝ አልስቅበትም፤ ጫፉን ይዟል። ነገር ግን የሚታዘዘው መድኃኒት በቀን እስከ 1,000 ሚሊግራም የሚደርስ፣ በፋብሪካ የተለወጠና የተለካ ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅርንጫፍ እዚያ አትደርስም። እዚያ ለመድረስ ቅጠሉን አብዝቶ ቀቅሎ መጠጣት ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል፤ ጤና አዳም ማሕፀንን ያነሣሣል፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ጉበትና ኩላሊትንም ይጎዳል። የእግር ደም ስር በብዛት የሚነፋው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ነው። መድኃኒቱን ፈልጋ የምትመጣው ሴት ከሁሉም በላይ ሊከለከላት የሚገባት ሴት ናት።

በዚህ አያበቃም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች በፀሐይ ብርሃን ይነቃሉ፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት ጠቁሮ ይቆያል። ሎሚም እንዲሁ ነው። በራያ ፀሐይ እግሯን በጤና አዳምና በሎሚ አሽታ ማሽላ ልትኮተኩት የወጣች ሴት ምን እንደሚገጥማት ገምቱ። እሷ «ምች መታኝ» ትላለች። እኛም ቅጠሉን ካልጠየቅናት ምች መታት ብለን እንሸኛታለን።

ወተት የሚያፈስሱት ተክሎች ላይ ብዙ አልቆይም። በቆላው መንገድ ዳር የሞላው ጦቢያ፣ ቅንጭብ፣ ቁልቋል፤ ወተታቸው ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ከገባ ዓይን ያጠፋል። በተነፋ ደም ስር ላይ የሚቀባ ነገር የላቸውም። ሬት ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ማሳከክን ያበርዳል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ቁስል ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥሬ ቅጠል ደግሞ ባልጸዳ ድንጋይ ላይ ከተወቀጠ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ተሕዋስ ይዞ ሊገባ ይችላል። የተከፈተ ቁስል ያለበት ሰው የቴታነስ ክትባቱን መጠየቅ አለበት።

ማርን ግን በአክብሮት ላንሣ፤ ሕዝባችን ማርን ያምናል፣ ማርም ቁስልን ከተሕዋስ የመጠበቅ ኃይል አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ የደም ስር ቁስል ያለባቸው 368 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ታትሞ ነበር። ሁሉም እግራቸው በጥቅል ታሰረ፤ ግማሾቹ ከጥቅሉ ሥር ማር ያለበት ልጥፍ፣ ግማሾቹ የተለመደው ልጥፍ ተደረገላቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ በዳኑት ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ድኗል። ሁለቱም ወገን የተጋራው ጥቅሉን ነው። ይህን ጥናት ለባልደረቦቼ ደጋግሜ የምጠቅሰው ማርን ለማሳነስ ብዬ ሳይሆን፣ በጉሎ ቅጠሉ ላይ ያየሁትን ሌላ አገር በትልቅ ሙከራ ስላሳየው ነው።

አሁን ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ጀርባ። እዚያም ያለው ተክል ነው፤ ልዩነቱ በብልቃጥና በማሸጊያ መምጣቱ ነው። ዳዮስሚን የሚባለውና ከሄስፐሪዲን ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው እንክብል የሚወጣው ከብርቱካን ወገን ፍሬዎች ነው፤ አንዱ ፍሬ 450 ሚሊግራም ዳዮስሚንና 50 ሚሊግራም ሄስፐሪዲን ይይዛል። ከጅዳ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ደግሞ ሆርስ ቼስትነት ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ዘር የተጨመቀ ነው። ከቀይ ወይን ቅጠል የሚሠራም አለ። እነዚህ ባዶ እንዳልሆኑ በታማኝነት መናገር አለብኝ። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መዛኝ ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ሆርስ ቼስትነት 17 ሙከራዎችን መዝኖ ለአጭር ጊዜ የእግር ሕመምንና እብጠትን እንደሚቀንስ ጽፏል። ስለ ዳዮስሚንና መሰሎቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምዘና ደግሞ እብጠትን በጥቂቱ እንደሚቀንሱ፣ ቁስልን በማዳን ረገድ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳላሳዩ አስፍሯል።

ስለዚህ ሹክሹክታችን ይህ ነው፤ እንክብሉ ማታ ማታ የሚከብድን እግር ጥቂት ያቀልላል፣ መዝጊያውን አይጠግንም፣ ቁስሉን አይዘጋም፣ የወጣውንም ደም ስር አያስገባም። በሳምንታት እንጂ በቀናት አይሠራም። አንድ የቀን ሠራተኛ የዐሥር ቀን ብቻ ገዝቶ ሲወስድና «አልሆነኝም» ብሎ ሲመለስ መድኃኒት ሻጩም እኛም ከመጀመሪያው እናውቀው ነበር። በዚያ ገንዘብ ለብዙ ወራት ታጥቦ የሚያገለግል ላስቲክ ፋሻ ይገዛ ነበር። የሆርስ ቼስትነት ጥሬ ዘር መርዝ መሆኑንም የላከችላችሁ እህታችሁ ላታውቅ ትችላለች፤ ሰው የሚወስደው መርዙ የወጣለትን ጭማቂ ብቻ ነው። የብርቱካን ልጣጭ በቤት ቀቅሎ መጠጣትም ዳዮስሚን አይሆንም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ እነዚህን ሁሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽንም በብዛት፣ ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር።

አሁን ድምፄን ይበልጥ ዝቅ ላድርግ፤ ምክንያቱም የምነካው ክቡር የሆነውን የአራስ ቤት ነው።

በራያና በወሎ ቆላ አራስ ትከበራለች። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ቅቤው፣ የጎረቤቱ መሰባሰብ፣ የወይባ ጢሱ። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ እናትንም ከድካም ያሳርፋታል። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት በሴት ልጅ ዕድሜ ውስጥ ደም በእግር ደም ስር ውስጥ ለመርጋት ከሚቀርብባቸው ጊዜያት ዋነኞቹ ናቸው። ሰውነት በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም ለማቆም ደሙን አወፍሮ ያዘጋጀዋል። በዚያ ላይ እናትየዋ ለሳምንታት ከመደብ ካልተነሣች የባቷ ጡንቻ ሥራ ፈትቷል። አንድ እግር ያብጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲሆን በአብዛኛው የግራው ነው፣ ምክንያቱም ከሆድ በታች የግራውን ትልቅ ደም ስር የቀኙ ደም ወሳጅ ተሻግሮ ይጫነዋል። ባቷን ያማታል፣ ይሞቃታል።

ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? «ብርድ ገባት» ይላል። ጢሱ ይጨመራል። ወጌሻ ይጠራና እግሯ በቅቤ ይታሻል። የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ግን የረጋውን ቁራጭ ሊያስለቅቀው ይችላል፤ ከተላቀቀ ልብን አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። እናቲቱ በድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፣ ደረቷን ይወጋታል፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ታልፋለች። ከዚያ «ቡዳ በላት»፣ «ዓይን ወጋት» ይባላል። ይህን ሞት የሚከላከል ቅጠል የለም፤ በሆስፒታል የሚሰጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ አለ፣ በጊዜ ከተደረሰ ይሠራል። የወይባውን ጢስ ተዉት አልልም፤ የእግራቸው ደም ስር ለተነፋ ሴቶች ግን የጢሱ ሙቀት ደም ስሩን እንደሚያሰፋው፣ አንድ እግር ካበጠ ደግሞ ጢስም ማሸትም እንደማይነካው የአራስ ጠባቂዎች ይወቁ። አራሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ትራመድ። ክብሯ አይቀንስም።

ወጌሻን ካነሣሁ ብጣትንም ላንሣ። «መጥፎ ደም ነው» ተብሎ የተነፋ ደም ስር በምላጭ ሲበጣ ወይም ዋግምት ሲደረግበት አይቻለሁ። የተነፋ ደም ስር ውስጥ ያለው ግፊት ቀላል አይደለም፤ ቆሞ የሚደማ ሰው ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ፣ በምላጭም ይሁን በእሾህ፣ ሰውየውን ወዲያው አስተኙት፣ እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙት። በአብዛኛው ይቆማል። ቀና ብሎ እንዲሄድ አታድርጉት፤ ከጉልበት በላይ በገመድ አታስሩት።

ያበጠ እግር ሁሉ የደም ስር እንዳልሆነም መናገር ግዴታዬ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ይመርመሩ። ዝናባማ በሆነውና ቀይ አፈር ባለው ደጋ በባዶ እግር ከኖረ ሰው ደግሞ ከአፈሩ የሚመጣው የእግር እብጠት አለ፤ በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የያዘ ነው፣ መከላከያው ጫማና በየቀኑ እግርን መታጠብ ነው። እግሩ ቀዝቃዛ ለሆነ፣ ሲራመድ ባቱ ለሚይዘው፣ በእግሩ መዳፍ ጀርባ ላይ የደም ትርታው ለማይገኝ ሰው፣ ስኳርም ኖሮበት እግሩ ለደነዘዘ ሰው ጥቅል ማሰር አደገኛ ነው፤ ወደ እግሩ የሚወርደውን ደም ይዘጋበታል። ስለዚህ ጥቅል ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ባለሙያ ጣቱን አስቀምጦ ትርታውን ይፈልግ። ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግሩ ሳያብጥ፣ ከጣት ሥር እስከ ጉልበት ሥር መጠቅለል፤ ሲተኙ መፍታት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ወይም ትራስ ደርቦ እግርን ከልብ በላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት ጋደም ማለት። ምጣድ ሥር ወይም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም ሰው ተረከዙን እያነሣ እያወረደ ባቱን ያሠራ፤ በርጫ ላይ የሚቀመጥም፣ መሪ የሚይዝም በየሰዓቱ ተነሥቶ ይራመድ። ቆዳውን ለስላሳ በሆነ ሽታ በሌለው ቅባት ማራስ። እኛ ቆመን የምንውለው የጤና ሠራተኞች ለራሳችን የምናደርገው ይህንን ነው፤ ከመሐላችን ጋዋናቸው ሥር የሚጨምቅ ካልሲ የሚያደርጉ አሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተሻለው፣ ቁስሉ ያልዘጋው ሰው የደም ስሩ በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ የሚዘጋበት መንገድ ስላለ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቅ።

ቅጠሉን ንቄ እንዳልተነሣሁ ይታወቅልኝ። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ቆላ ሲያልፍ፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ፋሻ እንኳ ሲታጣ፣ ሰዉ እጅ ላይ የቀረው ቅጠሉና የባልቴቶቹ እጅ ነበር። የራያ ቆቦ ወረዳን የመድኃኒት ዕፅዋት ተመራማሪዎች መዝግበው በ2020 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ታላቅ ሥራ ነው። መመዝገብ ግን መፈተን አይደለም፤ የትኛው ቅጠል፣ በስንት መጠን፣ ለየትኛው ሕመም፣ ለማን እንደሚከለከል ገና ይቀረናል። ያ እስኪሆን ድረስ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አንድ ልመና አለኝ፤ ቅጠል የሚያስሩትን እናቶች ፈልጋችሁ አግኟቸው፣ አትቆጧቸው፣ ከጨርቁ አስተሳሰራቸው ተማሩ፣ በምትኩ የእግር ትርታ መፈለግን አስተምሯቸው። ከፌጦና ከጤና አዳም ይልቅ ንጹሕ ጨርቅ እንዲያደርጉ ንገሯቸው፤ ይሰሟችኋል።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። በቤታችሁ አራስ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ወይም ታሞ የሰነበተ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ካለ፣ አንድ እግሩ ብቻ በድንገት ካበጠና ባቱን ካመመው፣ ቅጠል አትፈልጉ፣ ወጌሻ አትጥሩ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።